በኤል ሪያል ሜዳ ላይ የተሰበረው ክንፍ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በክረምት የተጓዘ ሰው ጭቃው መኪና ሲይዝ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። በወላጆቻችን ዘመን ይህን የቡና አገር ከአዲስ አበባ ጋር ቶሎ የሚያገናኘው የአየር መንገዳችን ዳኮታ ነበር፤ ባልተነጠፈ ሜዳ ላይ ነበር የሚያርፈው። ዳኮታው ወደማይደርስበት ገጠር ደግሞ የሚሲዮን ትንንሽ አውሮፕላኖች መድኃኒትና ሰው ያመላልሱ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚሽን አቪዬሽን ፌሎውሺፕ ሲሆኑ፣ ድርጅቱ በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1960 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ውድ ወገኖች፣ ይህ አገልግሎት በመጀመሪያው የበረራ ዓመቱ ምን እንደገጠመው ብዙዎቻችን አልሰማንም።

ድርጅቱን በ1945 የመሠረቱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ አማኝ አብራሪዎች ናቸው። የነበራቸው አንድ አውሮፕላን ነው፤ በ1933 የተሠራ፣ ባለ ድርብ ክንፍ ቀይ ዋኮ። የካቲት 1946 ላይ ቤቲ ግሪን የምትባል፣ በጦርነቱ ጊዜ ለአሜሪካ አየር ኃይል ያበረረች ሴት፣ ሁለት ሚሲዮናውያን አሳፍራ ከካሊፎርኒያ ወደ ሜክሲኮ በረረች። ከዚያም በቺያፓስ ጫካ ውስጥ ላሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ማገልገል ጀመረች።

በዚያው ዓመት እሷን የሚተካ ጆርጅ ዊጊንስ የሚባል የቀድሞ የባሕር ኃይል አብራሪ መጣ። ቤቲ አውሮፕላኑንና ሜዳዎቹን ልታለማምደው አብራው በረረች። ኤል ሪያል በሚባለው ሜዳ ሲያርፉ ክንፉ ከሜዳው ዳር የቆመች ትንሽ ቤት መታ። የግራው የታችኛው ክንፍ፣ ማረፊያ እግሩና ፕሮፔለሩ ተጎዱ። ሰው ግን አልሞተም።

የዋኮ ዓይነት አውሮፕላን ከኋላ በትንሽ ጎማ ስለሚቆም፣ መሬት ሲነካ አፍንጫው ሽቅብ ይላል፤ አብራሪው ፊት ለፊቱን አያይም፣ በጎን እያየ ነው የሚቆጣጠረው። የታችኛው ክንፍ ደግሞ ለመሬት ቅርብ ነው። በጠባብ የጫካ ሜዳ ጥቂት መሳት ብዙ ያስከፍላል። ዊጊንስ ጀማሪ አልነበረም፤ ለዚያ ሜዳ ግን አዲስ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የአብራሪው? መሪውን ያስያዘችው የቤቲ? በእኛ አጥቢያ ቢሆን ጥያቄው ሳምንት ሳይሞላው ወደ ሽማግሌዎች ስብሰባ ይገባ ነበር፤ አንዳንዱም «ጌታ ባይፈቅድ ነው» ብሎ ሥራውን ሁሉ ይዘጋው ነበር። ወጣት መዘምር ሲሳሳት፣ አዲስ ሰባኪ ሲደናገር፣ ማይኩን መልሰን ስንወስድ ራሳችንን አይተናል። ከጵንፍልያ የተመለሰውን ማርቆስን ጳውሎስ ድጋሚ ይዞት ሊሄድ አልወደደም፤ በርናባስ ግን ይዞት ሄደ። ሰው ለማሠልጠን የፈለገ መሪውን አሳልፎ መስጠት አለበት፤ ከሰጠ ደግሞ ክንፍ ሊሰበር ይችላል።

አውሮፕላኑን የሚጠግን ሰው ተፈለገ። የተገኘው ናቴ ሴይንት ነበር፤ በሠራዊቱ ውስጥ የአውሮፕላን ጥገና የተማረ፣ አብራሪ ሊሆን ሲመኝ የእግሩ አጥንት ሕመም ተመልሶበት ከሥልጠናው የወጣ ወጣት። ወደ ሜክሲኮ ወርዶ የተሰበረውን ክንፍ እንደገና ሠራ፤ ከድርጅቱ ጋር ያቆራኘውም ይኸው ጥገና ነው። በ1948 ወደ ኢኳዶር ሄዶ በአማዞን ጫካ ማብረር ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኪቶ ላይ ራሱም ወድቆ ጀርባው ተጎዳ፤ ድኖ ተመለሰ። ጥር 8 ቀን 1956 ከአራት ጓደኞቹ ጋር በጦር ተገደለ። ይህን የመጨረሻውን ታሪክ ብዙ አማኝ ያውቀዋል፤ የተሰበረውን ክንፍ ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያስታውሱት።

ቤቲ ግሪን ማብረሯን አላቆመችም። ወደ ፔሩ ሄደች፤ ከዚያም በናይጄሪያ ከኤስ አይ ኤም ጋር፣ ቆይቶም በጎረቤታችን በሱዳን አገለገለች።

የሚሲዮን አብራሪ ዛሬም በአዲስ የገጠር ሜዳ ብቻውን ከማረፉ በፊት፣ ሜዳውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ያለማምደዋል። በኤል ሪያል ቤቲ የተቀመጠችበት ቦታ ያ ነው።