ዜና ደርሃም

ደርሃም በሰሜን እንግሊዝ፣ የዊር ወንዝ በሦስት ወገን በከበበው ገደላማ ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የተቆረቆረችውም የቅዱስ ካትበርት ዐፅም ስላረፈባት ነው። ካትበርት የሊንዲስፋርን ደሴት ኤጲስ ቆጶስ ነበረ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ687 ዐረፈ። በ11ኛው ዓመት መቃብሩ ቢከፈት ሥጋው ሳይፈርስ ተገኘ ተባለ፤ ስሙም ከዚያ ወዲያ ገነነ።

በ793 ቫይኪንጎች በባሕር መጥተው የሊንዲስፋርንን ገዳም ዘረፉ። በ875 ወረራው ቢበረታ መነኮሳቱ የቅዱሱን ዐፅም የያዘውን ሣጥን ተሸክመው ተሰደዱ። ዓመታት ተንከራተው በቸስተር ለ ስትሪት ከመቶ ዓመት በላይ ተቀመጡ፤ ዳግመኛም ተነሥተው በ995 ደርሃም ገቡ። ሣጥኑ አልነሣ አለ፣ ላም ፈላጊ ሴትም ቦታውን አመለከተች የሚለው የኋላ ሰዎች ትረካ ነው፤ ኮረብታው ለምሽግ መመቸቱ ግን ምስክር አያሻውም።

ከዚህም በኋላ ኖርማኖች አገሩን ያዙ። ንጉሣቸው ዊልያም የሾመው ሮበርት ከሚን በ1069 ከነጭፍራው ደርሃም ቢገባ ሕዝቡ ተነሥቶ ፈጀው። ንጉሡም ሰሜኑን በእሳትና በራብ ቀጣ፤ በ1072 በኮረብታው ላይ ግንብ ተሠራ።

የዛሬው ካቴድራል መሠረት በ1093 ተጣለ፤ የካትበርት ዐፅም በ1104 ገባ፤ ሕንፃው በ1133 ተፈጸመ። ጣራው በድንጋይ ቅስት የተያዘ ነው፤ ግዙፎቹ ክብ ዓምዶችም በጥልቅ የተቀረጸ ሐረግ አላቸው። ነፍስ የገደለ ሰው የሰሜኑን በር የነሐስ ቀለበት ቢያንኳኳ 37 ቀን ይጠለል ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ወይ ይታረቃል ወይ አገር ለቆ ይሄዳል። የደርሃም ኤጲስ ቆጶስም እንደ መስፍን ጭፍራ ያዘምት፣ ዳኛ ይሾም፣ ገንዘብ ያስመታ ነበር።

ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ባፈረሰ ጊዜ የቅዱሱ መካነ መቃብር ጌጥ ተገፈፈ፤ የካቴድራሉ ገዳምም በ1539 ተዘጋ።

በ1650 የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ክሮምዌል ስኮትላንዶችን በዳንባር ድል ነሥቶ 3000 ያህል ምርኮኞችን በካቴድራሉ ውስጥ አሳሰረ። ራብና ተቅማጥ 1700 ያህሉን ጨረሰ። ብርድ ቢጠናባቸው የውስጡን እንጨት አነደዱ፤ የአገራቸው ምልክት የሆነ እሾህ አበባ የተቀረጸበትን ትልቁን ሰዓት ግን አልነኩም ይባላል። ያለ ፍትሐት በጅምላ ከተቀበሩት የአንዳንዶቹ ዐፅም በ2013 በቁፋሮ ተገኘ።

በ1832 ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በ1836 የኤጲስ ቆጶሱ መስፍናዊ ሥልጣን ወደ ዘውዱ ተመለሰ፤ ግንቡም ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ እስከ ዛሬ የተማሪዎች ማደሪያ ነው።