እንጨት ፎቅ ሲሸከም፦ የድርብርብ ጣውላ ምርምር እና የባሕር ዛፋችን ዕድሜ

በከተሞቻችን ባለ ፎቅ ሕንፃ ሲጀመር ወደ ቦታው ቀድመው ከሚደርሱት ዕቃዎች አንዱ የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ሠራተኛው የሚወጣበት መወጣጫ ከእርሱ ይታሰራል፤ አርማታው እስኪጠነክር ድረስ ወለሉን ከሥር ደግፎ የሚያቆየውም እርሱ ነው። ሕንፃው በራሱ መቆም ሲችል አጣናው ይነሣል፤ ደህናው ወደ ሌላ ግንባታ ይጓዛል፣ የተሰበረው ለማገዶ ይሸጣል። ፎቁን የተሸከመው እንጨት በሕንፃው ውስጥ አይቀርም።

በሌላው ዓለም ግን እንጨት ራሱ ምሰሶ፣ ግድግዳና ወለል ኾኖ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃን እንዲሸከም የሚያስችል የግንባታ ስልት እየተስፋፋ መጥቷል። በእንግሊዝኛ ስያሜው «ማስ ቲምበር» ይባላል፤ ጣውላዎችን እርስ በርስ በማጣበቅ ግዙፍ የመዋቅር አካላትን መሥራት ማለት ነው። በስልቱ ላይ ከተካሄዱት ምርምሮች ብዙዎቹ እሳትን፣ የመሬት መንቀጥቀጥንና የካርቦን ልቀትን የተመለከቱ ናቸው። ለአካባቢያችን አርሶ አደር ግን ዋናው ጥያቄ ከቤተ ሙከራ ውጭ፣ ከማሳው ዳር ይገኛል፤ ዛፉ በስንት ዓመቱ ይቆረጣል? በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚመስለውን ያህል አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኦቶ ሄትዘር ጣውላዎችን በአንድ አቅጣጫ ደራርቦ በማጣበቅ ረጃጅም ተሸካሚዎችን የሚሠራበትን ስልት በፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1906 ነበር። በዚህ መንገድ የሚሠራው ምሰሶና አግዳሚ «ግሉላም» በሚል ስም ይታወቃል። እንጨትን ወደ ላይ ያወጣው ግን ሁለተኛው ዓይነት፣ በምኅጻረ ቃል «ሲኤልቲ» የሚባለው ነው፤ እኛ ድርብርብ ጣውላ እንበለው። በ1990ዎቹ በኦስትሪያና በጀርመን የዳበረ ሲኾን፣ በግራዝ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የኾኑት ጌርሃርድ ሺክሆፈር ለዚሁ ሥራቸው በ2019 የማርከስ ዋለንበርግን ሽልማት ተቀብለዋል።

አሠራሩን ማንኛውም አናጢ ይረዳዋል። ጣውላ በቁመቱ ጠንካራ ነው፤ በወርዱ ግን ደካማ ከመኾኑም በላይ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በክረምት አልዘጋ የሚል የእንጨት በር ያለው ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። በድርብርብ ጣውላ ሥራ ከ2 እስከ 4.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች የርጥበት መጠናቸው ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ በማድረቂያ ይደርቃሉ፤ በጥንካሬያቸው ይለያሉ፤ ከዚያም አንዱ ንጣፍ በቁመት፣ ቀጣዩ በወርድ እየተሻገረ በሙጫ ይጣበቅና በከባድ መጭመቂያ ይጫናል። ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ንጣፍ ሊኖረው ይችላል። የአንዱን ንጣፍ ማበጥና መኮማተር ተሻጋሪው ንጣፍ አንቆ ይይዘዋል፤ ሰሌዳውም በሁለቱም አቅጣጫ ጭነት ይሸከማል። የበርና የመስኮት ቦታው በፋብሪካ ተቆርጦ ስለሚመጣ በግንባታው ቦታ የሚቀረው በክሬን አንሥቶ መግጠም ነው። በ2009 በለንደን በተጠናቀቀው ባለ 9 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ የእንጨቱን ክፍል አራት አናጢዎች በ27 የሥራ ቀናት ገጥመው ጨርሰዋል።

ከዚያ ወዲህ ከፍታው ጨምሯል። በ2019 በኖርዌይ ብሩሙንዳል የተመረቀው ምዮስቶርኔት 18 ፎቅና 85.4 ሜትር ሲኾን፣ በ2022 በአሜሪካ ሚልዋኪ የተጠናቀቀው አሴንት ደግሞ 25 ፎቅና 86.6 ሜትር ነው። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምፈልገው ነገር አለ። «የእንጨት ሕንፃ» ሲባል ሲሚንቶ የለበትም ማለት አይደለም። አሴንት የቆመው ከአርማታ በተሠሩ የመኪና ማቆሚያ ወለሎች ላይ ነው። ምዮስቶርኔትም በላይኛዎቹ ፎቆቹ የአርማታ ወለል ተደርጎለታል፤ ምክንያቱም እንጨት በጣም ቀላል በመኾኑ ሕንፃው በነፋስ እንዳይወዛወዝ ክብደት አስፈልጎታል።

የመጀመሪያው ሥጋት እሳት ነው። መልሱን ግን ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ አይቶታል፤ ጭራሮ ወዲያው ይነድዳል፣ ወፍራም ግንድ ግን ላዩ ከስሎ ውስጡ ሳይነካ ያድራል። የውጭው ከሰል ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከላከላል። የአውሮፓ የመዋቅር ደረጃ ለለስላሳ እንጨት የሚወስደው የመክሰል ፍጥነት በደቂቃ 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ሰዓት 4 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ መኾኑ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ለሚፈለገው ሰዓት የሚከስለውን ውፍረት አስልቶ ይጨምርበታል። ያልተሸፈነ ብረት በአንጻሩ ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ከጥንካሬው ከግማሽ በላይ ያጣል።

ይሁን እንጂ ምርምሩ ያሳየው መልካሙን ብቻ አይደለም። አንዳንድ ሙጫዎች በሙቀት ሲለቁ የከሰለው ንጣፍ ይወድቃል፤ ከሥሩ ያልተነካ እንጨት ይገለጥና እየበረደ የነበረው እሳት እንደገና ይነሣል። የሰሜን አሜሪካ የምርት ደረጃ በ2018 ሲሻሻል ሙጫው ይህን ፈተና እንዲያልፍ ግዴታ የኾነው በዚህ ምክንያት ነው። በ2017 በሜሪላንድ በሚገኝ የመንግሥት የእሳት ምርምር ቤተ ሙከራ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ተሠርቶ አምስት ጊዜ ተቃጥሏል። ከእነዚህ ሙከራዎች በኋላ የ2021 ዓለም አቀፍ የሕንፃ ኮድ እስከ 18 ፎቅ ድረስ በእንጨት መገንባትን ፈቅዷል። ፈቃዱ ግን ከፍታው በጨመረ ቁጥር እንጨቱ እሳት በሚቋቋም ሽፋን እንዲለበስ ያስገድዳል።

በመሬት መንቀጥቀጥ ረገድ የእንጨት ቀላልነት ጥቅም ይኾናል። መሬት ሲናወጥ ሕንፃን የሚገፋው ኃይል ከራሱ ክብደት ጋር አብሮ ያድጋል፤ እንጨት ደግሞ ከአርማታ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው የሚመዝነው። ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በ2007 ባለ 7 ፎቅ ሕንፃ በጃፓን ሚኪ ከተማ በሚገኘው ግዙፍ የንዝረት መድረክ ላይ አቁመው የ1995ቱን የኮቤ መንቀጥቀጥ ደግመውበታል፤ ሕንፃው ሳይፈርስ ወጥቷል። በ2023 በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ የተሞከረው ደግሞ ባለ 10 ፎቅ ነበር። ግድግዳዎቹ በረጃጅም የብረት ዘንጎች ተወጥረው የተያዙ በመኾናቸው ሲናወጡ ዘንበል ቀና ይላሉ፤ ንዝረቱ ሲያበቃ ዘንጎቹ ወደ ቦታቸው ይስቧቸዋል። በ2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው ንዝረት እስከ አዲስ አበባ ፎቆች ድረስ ተሰምቶ ስለነበር፣ ይህ የምርምር ዘርፍ ከስምጥ ሸለቆ አጠገብ ለምንኖር ሰዎች ሩቅ ወሬ አይደለም።

ከእሳት ይልቅ የሚያሳስበው ውኃ ነው። ርጥበት ገብቶ መውጫ ያጣ ድርብርብ ጣውላ ይሻግታል፤ በሞቃት አካባቢ ደግሞ ምስጥ አለ። የፋብሪካ ጥንቃቄም ቀልድ አይደለም። በ2018 በአሜሪካ ኦሪገን በግንባታ ላይ በነበረ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ የአንድ ወለል ሰሌዳ ንጣፍ ተላቅቆ ወድቋል፤ ሙጫው ከመጫኑ በፊት ቀድሞ በመድረቁ የተፈጠረ ጉድለት ነበር። እንጨት ከውኃ ከተጠበቀ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። በላስታ በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው የእንጨት አግዳሚና የተለሰነ የድንጋይ ግንብ እየተፈራረቀ የተሠራ ሲኾን፣ ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። የዋሻው ጣሪያ ዝናቡን ይመልስለታል።

ስልቱ በዓለም ዘንድ ይህን ያህል ትኩረት ያገኘበት ምክንያት ካርቦን ነው። ሲሚንቶ ማምረት ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ ገደማ ይይዛል፤ ከዚህም የሚበዛው ከነዳጁ ሳይኾን የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል የሚወጣ ነው። ዛፍ በአንጻሩ ካርቦንን ከአየር ስቦ ያከማቻል፤ የደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። አንድ ሜትር ኩብ እንጨት ሲደርቅ 400 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ 200 ኪሎው ካርቦን ነው፤ ይህም ከአየር የተወሰደ 730 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። እንጨቱ በሕንፃ ውስጥ እስከቆየ ድረስ ያ ካርቦን ወደ አየር አይመለስም። ለማገዶ ሲውል በዚያው ቀን ይመለሳል።

እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። በጀርመን የፖትስዳም የአየር ንብረት ተቋም ቡድን በ2022 ባሳተመው ጥናት፣ ወደ ከተማ ከሚጨመረው ሕዝብ 90 በመቶው በእንጨት ሕንፃ ቢኖር እስከ 2100 ድረስ 106 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስቀረት እንደሚቻል አስልቷል። ነገር ግን ለዚህ እስከ 149 ሚሊዮን ሔክታር የሚደርስ ተጨማሪ የተተከለ ደን ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ጠቅላላ የቆዳ ስፋት ይህን አያህልም። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የዓለም የእንጨት ምርት ራሱ በመጪዎቹ አሥርት ዓመታት በየዓመቱ ከ3.5 እስከ 4.2 ቢሊዮን ቶን የሚደርስ ልቀት ሊያስከትል እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ ዛፉ ባይቆረጥ ኖሮ እያደገ ካርቦን ይስብ ነበር የሚል ነው መነሻው። በእኔ እይታ ሁለቱ ጥናቶች የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ። የተፈጥሮ ደን ተቆርጦ የሚሠራ ፎቅ ጥቅም የለውም፤ ቀድሞ ለሌላ ዓላማ የተተከለ ዛፍ ግን የተሻለ ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል።

እኛ ደግሞ የተተከለ ዛፍ አለን። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1890ዎቹ አጋማሽ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ነጩ በደጋው፣ ቀዩ በቆላና በወይና ደጋው ተስፋፍቶ ቋሚ፣ ማገርና ወራጅ ኾኖ የጭቃ ቤቶቻችንን ተሸክሟል። ጎጃምን በመኪና ያቋረጠ ሰው መንገድ ዳር የተደረደረውን አጣና ሳያይ አያልፍም። ነጭ ባሕር ዛፍ ጠንካራ እንጨት እንዳለው አያከራክርም፤ በስፔን የተጣበቀ ተሸካሚ ይሠራበታል። በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ሌላ የባሕር ዛፍ ዝርያ ለድርብርብ ጣውላ ውሏል። በደቡብ አፍሪካ የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እንጨቱ ገና እርጥብ ሳለ ማጣበቅ የሚቻልበትን መንገድ ሲመረምሩ ቆይተዋል። ምክንያቱም የባሕር ዛፍ ትልቁ ችግር መድረቅ ነው፤ በግንዱ ውስጥ የታመቀው ውጥረት ሲቆረጥ ይለቀቅና እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፣ ያጣምመዋልም። የፈረንጅ ጥድ በዚህ ረገድ ይቀላል፤ ለጣውላ የሚሰነጠቀውም ከድሮ ጀምሮ ነው።

ዋናው እንቅፋት ግን ዕድሜው ነው። አጣና የሚሸጠው በቁጥርና በውፍረት ነው፤ አርሶ አደሩም ችግኙን አጠጋግቶ ይተክልና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይቆርጣል። በአንድ ሜትር ርቀት የተተከለ ማሳ በሔክታር 10,000 ዛፍ ይይዛል፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ይረዝማሉ እንጂ አይወፍሩም። ከቀጭን ግንድ ሰፊ ጣውላ አይወጣም። ለጣውላ የሚኾን ዛፍ ሰፊ ቦታና ከ15 እስከ 25 ዓመት ይፈልጋል።

ይህን ያህል መጠበቅ ለማን ይቻለዋል? በአዊ፣ ፋግታ ለኮማ አርሶ አደሮች ዲከረንስን ከሰብል ጋር አፈራርቀው እየተከሉ በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል በማድረስ መሬታቸውንም ኪሳቸውንም ጠቅመዋል። ገበያ ካለ ዛፍ ለመትከል የሚገፋፋቸው ሰው እንደማያስፈልግ በዚህ ታይቷል። በኋላ ግን ዛፉን በሽታ አጠቃው፤ በአንድ ዝርያ ብቻ የተሸፈነ አካባቢ ሲጠቃ ምን ያህል እንደሚጎዳም አብሮ ታየ። ለአንድ ቤተሰብ የአምስት ዓመት አደጋና የሃያ ዓመት አደጋ እኩል አይደሉም።

በመካከል ያለው መንገድ ማሳሳት ነው። በግብርና ኮሌጅ የደን ትምህርት ስንወስድ ቃሉን በደብተራችን ጽፈን ወጥተናል፤ በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ሲተገበር የማየው ግን እምብዛም ነው። በአምስተኛው ዓመት አብዛኛው ዛፍ እንደ ልማዱ ለአጣና ይሸጣል፤ ቀጥ ያሉትና ጤነኞቹ በሦስት ሜትር ርቀት ተመርጠው ይቀራሉ። ከ10,000ው 1,100 ያህሉ ይቆያሉ ማለት ነው። የታችኛው ቅርንጫፍ በወቅቱ ከተገረዘ ጣውላው ጉጥ አይበዛበትም። ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን መቆጣጠር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የቀሩትን ዛፎች ውኃና ምግብ ይሻማቸዋል።

ከማሳው በኋላ ያለው ሰንሰለት ገና ነው። መሰንጠቂያ፣ ማድረቂያ፣ ጣውላን በጥንካሬው የሚለይ ባለሙያ፣ ሙጫና መጭመቂያ በአንድነት ካልተገኙ ወፍራም ግንድ ብቻውን ድርብርብ ጣውላ አይኾንም። በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ 5ኛ ክፍል የእንጨት አጠቃቀምን የሚመለከት ቢኾንም፣ የተዘጋጀው ድርብርብ ጣውላ በኦስትሪያና በጀርመን ገና በሙከራ ላይ በነበረበት ዘመን ነው። እስከዚያው ማሳውን አሳስቶ ዛፉን ያቆየ አርሶ አደር ወፍራም ግንዱን የሚያቀርበው ለጣውላ ሰንጣቂና ለኤሌክትሪክ ምሰሶ ገዥ ይኾናል። ቀሪዎቹን ዛፎች ማቆየት አለማቆየቱም የሚወሰነው እነዚህ ገዥዎች ለአንድ ወፍራም ግንድ የሚሰጡት ዋጋ በዚያው ቦታ በየአምስት ዓመቱ ይቆረጥ ከነበረው አጣና ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ነው።