ምስክሩ አይጣል

አሜሪካኖች «መስል ካር» ይሏቸዋል፤ ጡንቸኛ መኪና እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. የ1964 ሞዴሉ ፖንቲያክ «ጂቲኦ» ዘመናቸውን ከፈተ። የጭስ ሕግና የኢንሹራንስ ዋጋ አደከማቸው፤ የ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ ደግሞ ጨረሳቸው። ያ ማዕቀብ ያመጣው የቤንዚን ንረት እኛንም አልማረንም፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቁመው ለአብዮቱ መንገድ ጠረጉ።

ያኔ መኪኖቹን ሲመኙ የነበሩ ጎረምሶች ዛሬ ሸምግለው በየቤታቸው ጋራዥ ያድሷቸዋል። ካርቡሬተሩ ወጥቶ ኢንጀክሽን ይገባል፤ የታምቡር ፍሬኑ በዲስክ ይተካል። «ታሪክ ተበላሸ!» ባዮች አልጠፉም። ይሁንና ፍሬኑ የማይዝ መኪና ሰው ይገጫል እንጂ ታሪክ አይናገርም። ስለዚህ ይቀየር። የወጣው ካርቡሬተር ግን አይጣል፤ ነዳጅ እንደ ውሃ ይጠጣ ለነበረበት ዘመን ምስክሩ እሱ ነው። ምስክሩን ጥሎ «ታሪክ አደስኩ» ማለት እንዴት ይሆናል?