ኪሎ ሜትርን ወደ ሥነ ፈለክ መለኪያዎች መለወጥ

ኪሎ ሜትር ለምድር የተሰፋ መለኪያ ነው። ጨረቃ በአማካይ በ384,400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስለምትገኝ እስከዚያ ድረስም አያስቸግርም። ወደ ፕላኔቶችና ወደ ከዋክብት ሲታለፍ ግን ቁጥሩ በዜሮ ብዛት ይረዝማል፤ ማንበቡም ማነጻጸሩም ያዳግታል። በዚህ ምክንያት በሥነ ፈለክ ሦስት መለኪያዎች ተለምደዋል፦ የሥነ ፈለክ አሃድ፣ የብርሃን ዓመት እና ፓርሴክ።

የሥነ ፈለክ አሃድ መነሻው ምድር ከፀሐይ ያላት አማካይ ርቀት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኬፕለር ሕጎች የፕላኔቶችን ርቀት እርስ በርስ ለማነጻጸር አስችለው ነበር፤ አሃዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ግን በትክክል አልታወቀም። ለዚህ መልስ ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ1761 እና በ1769 ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ተመራማሪዎች በተራራቁ የምድር ክፍሎች ሆነው ተከታተሏት። በተመልካቾቹ መካከል ያለው ርቀት ስለሚታወቅ፣ በእይታቸው መካከል ከታየው ልዩነት የፀሐይን ርቀት ማስላት ተቻለ። የሰማይ መለኪያ ከምድር መለኪያ ጋር የተሳሰረው በእንዲህ ያለ አድካሚ ሥራ ነው። በ1961 ወደ ቬነስ የተላኩ የራዳር ሞገዶች ልኬቱን እጅግ ትክክለኛ አደረጉት። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ደግሞ በ2012 አሃዱን በትክክል 149,597,870.7 ኪሎ ሜትር ሲል ደነገገ። ኪሎ ሜትርን ወደዚህ አሃድ ለመለወጥ በዚሁ ቁጥር ማካፈል ይበቃል። ለምሳሌ ኔፕቱን ከፀሐይ የምትርቀው 4.5 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ149.6 ሚሊዮን ሲካፈል 30 አሃድ ይሆናል።

የብርሃን ዓመት በስሙ የተነሳ ብዙ ጊዜ የዘመን መለኪያ ይመስላል፤ የሚለካው ግን ርቀት ነው። ብርሃን በሰከንድ 299,792.458 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 365.25 ቀናት ያሉት ዓመት 31,557,600 ሰከንዶች አሉት። ሁለቱ ሲባዙ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይገኛል፤ ይህም 63,241 የሥነ ፈለክ አሃድ ነው። አጠር ላሉ ርቀቶች የብርሃን ደቂቃና ሰከንድ ያገለግላሉ፤ የፀሐይ ብርሃን ምድር ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል።

ፓርሴክ ከልኬቱ ዘዴ የተወለደ ነው። ክንድን ዘርግቶ አውራ ጣትን በአንድ ዓይን፣ ቀጥሎም በሌላው ላየ ሰው ጣቱ ከበስተጀርባው አንጻር ቦታ የቀየረ ይመስለዋል። ምድር ፀሐይን ስትዞር ቅርብ ኮከብም እንዲሁ ትንሽ ቦታ የቀየረ ይመስላል፤ ይህ ፓራላክስ ይባላል። የአንድ ኮከብ ፓራላክስ 1 የማዕዘን ሰከንድ፣ ማለትም የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል፣ ከሆነ ርቀቱ 1 ፓርሴክ ነው። ይህም 206,265 የሥነ ፈለክ አሃድ፣ 3.26 የብርሃን ዓመት ወይም 30.86 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፤ 1ን በፓራላክሱ ማካፈል ብቻ።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሪድሪክ ቤሴል እ.ኤ.አ. በ1838 61 ሲግኒ የተባለውን ኮከብ ፓራላክስ 0.314 የማዕዘን ሰከንድ ብሎ አስታወቀ፤ 3.18 ፓርሴክ ወይም 10.4 የብርሃን ዓመት ማለት ነው። የዛሬው ልኬት 0.286 ሲሆን ርቀቱን ወደ 3.50 ፓርሴክ፣ ማለትም 11.4 የብርሃን ዓመት ከፍ ያደርገዋል። በኪሎ ሜትር 108 ትሪሊዮን ገደማ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ ልወጣው የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ልኬቱ ያልያዘውን ጥራት አይጨምርለትም። በሦስት አኃዝ የተለካን ርቀት በአሥራ አምስት አኃዝ ኪሎ ሜትር መጻፍ አንባቢን ያሳስታል።

ከዚያ ለሚርቁት ኪሎ ፓርሴክና ሜጋ ፓርሴክ፣ ማለትም ሺህና ሚሊዮን ፓርሴክ፣ ይሠራባቸዋል። የጋላክሲያችን እምብርት ከፀሐይ 8 ኪሎ ፓርሴክ፣ ወይም 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ደግሞ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ይህም ከ0.8 ሜጋ ፓርሴክ በጥቂቱ ያንሳል።