ተንፍሶም የሚሄድ ጎማ፦ ከስኮርታ ጋር የተደረገ የመቶ ዓመት ፉክክር

ኦገስት 22 ቀን 1962 አመሻሽ ላይ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ሻርል ደ ጎል ከባለቤታቸውና ከአማቻቸው ጋር በጥቁር ሲትሮኤን ዲኤስ ተሳፍረው ከፓሪስ ወደ ቪላኩብሌ አየር ማረፊያ ይጓዙ ነበር። ፔቲ ክላማር የተባለው የከተማዋ ዳርቻ ሲደርሱ፣ በአልጄሪያ ነፃነት የተቆጣው ሌተና ኮሎኔል ባስቲየን ቲሪ ያሰለፋቸው አድፋጮች ተኩስ ከፈቱባቸው። ከ100 በላይ ጥይት ተተኮሰ። መስታወት ረገፈ፣ ሁለት ጎማዎችም ተነፈሱ። ሾፌሩ ግን አልቆመም፤ ነዳጁን ረግጦ መኪናዋን ከተኩሱ አወጣት። ከተሳፋሪዎቹ አንድም ሰው ሳይቆስል ቪላኩብሌ ደረሱ።

የደ ጎል መኪና ጎማዎች የተለዩ አልነበሩም። መኪናዋን ከመገልበጥ ያዳኗት የሾፌሩ ብቃትና በዘይትና በጋዝ ግፊት የሚሠራው የዲኤስ ሞላ ነበሩ። ነገር ግን ንፋሱ የወጣ ጎማ ላይ መሄድ ከተቻለ፣ ጎማውን ራሱን ለዚሁ አስቦ መሥራት ለምን አይቻልም? ጥያቄው ከዚያ ምሽት በፊትም የነበረ ነው። መልሱ ግን ብዙ ኩባንያዎችን አልፎ፣ ብዙ ገንዘብ በልቶ፣ ዛሬ ራን ፍላት የሚባለው ጎማ ላይ እስኪደርስ ድረስ አሥርተ ዓመታት ወስዷል።

ችግሩ የመጣው ከንፋሱ ጋር ነው። በጋሪና በፉርጎ ዘመን ጎማ ማለት ብረት የታሰረበት እንጨት፣ ቆይቶም ድፍን ላስቲክ ነበር፤ ያንገጫግጫል እንጂ አይተነፍስም። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን በ1845 በንፋስ የሚሞላ ጎማ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት ቢያገኝም፣ ገበያው ገና ስላልደረሰ ሐሳቡ ተረሳ። በ1888 ቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ፣ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ብሎ የሠራውን ይዞ ሲመጣ ግን ዓለም በብስክሌት ፍቅር አብዷል። ሰባት ዓመት ቆይቶ የሚሽሊን ወንድማማቾች በንፋስ ጎማ የሚሄድ መኪና ይዘው ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ ውድድር ገቡ። ርቀቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎማቸው በየመንገዱ እየተበሳ፣ ከመነዳሪ እየቀየሩና እየለጠፉ ነበር የተጓዙት። ውድድሩን በቀዳሚነት የጨረሰው ኤሚል ሌቫሶር በድፍን ላስቲክ ላይ ሄዶ ነው።

ያም ሆኖ የንፋስ ጎማ አሸነፈ፤ ምቾቱና ፍጥነቱ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ሾፌሮች መበሳቱን እንደ መንገድ ቀረጥ ተቀበሉት። በዚያ ዘመን ቸርኬው ከመኪናው ስለማይፈታ፣ ጎማ የተበሳበት ሰው መንገድ ዳር ተንበርክኮ ጎማውን ከቸርኬው ላይ መፈልፈልና መለጠፍ ነበረበት። መላውን ያመጡት የዌልሷ የላኔሊ ከተማ ነዋሪዎቹ የዴቪስ ወንድማማቾች ናቸው። በ1904 ስቴፕኒ በተባለ መንገድ ላይ በነበረው ሱቃቸው፣ ቀድሞ ንፋስ የተሞላ ጎማ የለበሰ ተጨማሪ ቸርኬ መሸጥ ጀመሩ፤ ከተበሳው ጎማ ጎን በመያዣ ይታሰርና ጉዞ ይቀጥላል። ቆይቶ ሙሉው ቸርኬ በብሎን የሚፈታ ሲሆን ስኮርታ የመኪና አካል ሆነ።

ስኮርታ ግን አንድ የማይሸሽ ጉድለት አለበት፦ ለመቀየር መቆም ያስፈልጋል። ጦር ሜዳ ላይ መቆም ደግሞ ሞት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ለቅኝት ያሰማሩት ዴይምለር ዲንጎ የተባለ ትንሽ ብረት ለበስ፣ ድፍን ለመሆን ጥቂት የቀረው ወፍራም ጎማ ተገጥሞለት ነበር። ጥይት ቢበሳውም ስለሚሄድ ስኮርታ አልተጫነለትም። የዛሬው ራን ፍላት ሐሳብ እዚህ ተሟልቶ ይታያል፤ የጎደለው ምቾት ብቻ ነው፣ ወታደር ደግሞ ስለ ምቾት አይጠየቅም።

ሲቪሉን መጠየቅ ግን ግድ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የክራይስለር ኩባንያ ከኋላ ሦስተኛ ረድፍ ወንበር የጨመረባቸው የቤተሰብ መኪኖች የስኮርታ ቦታ ሲያጡ፣ የጎማ አምራቹ ጉድይር ጎማ ውስጥ ሌላ ጎማ ሠራለት። የውጪው ቢበሳ የውስጠኛው ክብደቱን ይሸከማል። ልብ ማለት የሚገባው ምክንያቱን ነው፤ ይህን ጎማ የወለደው የጥይት ስጋት ሳይሆን የቦታ ጥበት ነው። ከዚያ ወዲህ የራን ፍላት ታሪክ በሁለቱ መካከል ይዋልላል፤ አንዳንዴ ለተሳፋሪው ደህንነት፣ አንዳንዴ ደግሞ ለፋብሪካው ስሌት ያደላል።

ጎማ ንፋሱ ሲያልቅ ምን ይሆናል? መኪናን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን ውስጡ የታመቀው ንፋስ ነው። ንፋሱ ሲወጣ የጎማው ጎን ይታጠፍና በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ይፈጫል። ፍጭቱ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል፣ መሪም አይታዘዝም።

የደንሎፕ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኖቮ ብሎ ያወጣው ጎማ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመመለስ ሞከረ። ጎማው ተንፍሶ እንኳ ከቸርኬው እንዳይወልቅ ጠርዙ ተቆልፏል፤ ውስጡ ደግሞ ሲተነፍስ የሚፈነዱ ትንንሽ ዕቃዎች ተቀምጠውበታል። ከእነሱ የሚወጣው ፈሳሽ ላስቲኩን አለስልሶ ፍጭቱን ያበርዳል። ሮቨር 3500 እና ሚኒ 1275 ጂቲ ላይ ተገጠመ። ብልሃቱ የሚደነቅ ነበር፣ ዋጋው ግን ከበደ። የራሱን ቸርኬ ይፈልጋል፣ ተራ ጎማ አይቀበልም፣ ጥገናውም ለሁሉም ጎሚስታ የሚሆን አልነበረም። ዛሬ ዴኖቮ አይመረትም፤ የእነዚያ አሮጌ መኪኖች ባለቤቶች ጎማ ለመቀየር ሲሉ ቸርኬውንም መቀየር አለባቸው።

ቀጥሎ የመጣው መንገድ ቀለል ያለ ነው፦ የጎማውን ጎን በጠንካራ ላስቲክ ማወፈር። ንፋሱ ቢወጣም ጎኑ ራሱ ቆሞ መኪናውን ይሸከማል። ይህ ግን አዲስ አደጋ ወለደ፤ ጎማው ሳይጎብጥ ስለሚሄድ ሾፌሩ መበሳቱን ላያውቅ ይችላል። በ1980ዎቹ የወጣው ፖርሽ 959 ስለዚህ ከራን ፍላት ጎማዎቹ ጋር ግፊታቸውን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይዞ መጣ። በ1997 ደግሞ አምስተኛው ትውልድ ሼቭሮሌ ኮርቬት ጭርሱኑ የስኮርታ ቦታ ሳይኖረው ተሠራ። አራቱም ጎማዎቹ የጉድይር ራን ፍላት ሆኑ፣ ዳሽቦርዱም የግፊቱን መጠን ያሳይ ነበር።

ለዚህ ቴክኖሎጂ በር የከፈተለት ግን አንድ አሳዛኝ ጉዳይ ነው። በ2000 አሜሪካ ውስጥ፣ በአብዛኛው ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎች ጥርሳቸው በጉዞ ላይ እየተላጠ ብዙ ሰው ሲሞት፣ ኩባንያው 6.5 ሚሊዮን ጎማ እንዲመለስለት ጥሪ አደረገ። ኮንግረስ በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ። ከ2008 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ የሚሸጥ ቀላል ተሽከርካሪ ሁሉ ጎማ ሲተነፍስ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖረው ተደረገ። የአውሮፓ ኅብረትም ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ የቤት መኪኖችን ሁሉ አስገደደ። ራን ፍላት የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ እንግዲህ በሕግ ተገጠመለት።

የሚሽሊን ኩባንያ በበኩሉ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ፓክስ ያለው ጎማ በውስጡ፣ ቸርኬው ላይ የተቀመጠ ቀለበት አለው። ንፋስ ሲያልቅ መኪናው ቀለበቱ ላይ አርፎ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ 200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሮልስ ሮይስ ፋንተምና ቡጋቲ ቬይሮን ሲገጥሙት ማንም አልተነፈሰም፤ ለዚያ ዓይነት መኪና ባለቤት የጎማ ዋጋ ጉዳይ አይደለም። ጣጣው የመጣው ሆንዳ በ2005 ኦዲሴ የተባለውን የቤተሰብ መኪናውን ባለከፍተኛ ደረጃ ሞዴል በፓክስ ሲያወጣ ነው። ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት ጎማዋ ሲያልቅ ልዩ ማሽን ያለው ጋራዥ መፈለግ፣ ለዚያውም ከተራ ጎማ እጅግ የበለጠ መክፈል ነበረባት። ባለቤቶቹ በጋራ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ። ሚሽሊንም ፓክስን ለቤት መኪና ማልማት አቆመ።

ራን ፍላትን በብዛት ያስለመደው የጀርመኑ ቢኤምደብልዩ ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ አብዛኞቹን ሞዴሎቹን በዚሁ ጎማ ማውጣት ጀመረ። ባለቤቶቹም ሁለት ነገር አሉ። አንደኛው ወገን ሌሊት አውራ ጎዳና ላይ ጎማ ተበስቶበት፣ ዝናብ ውስጥ ክሪክ ሳያወጣ ቤቱ የገባ ነው። ሌላው ወገን ስለ ድርቀቱ ያማርራል። ወፍራሙ ጎን ስለማይታጠፍ ጉድጓድ ሲገኝ ምቱ ወደ ቸርኬውና ወደ ወንበሩ ያልፋል፤ ቸርኬ የተሰነጠቀባቸውም አሉ። የኩባንያው የራሱ ኤም የተባሉ የስፖርት መኪኖች፣ ለምሳሌ በ2007 የወጣው ኤም3፣ በተራ ጎማ መሸጣቸው ነጂዎችን ያስገረመ ነገር ነበር።

ዛሬ ሚዛኑ ምን ይመስላል? ጥቅሙ እውነተኛ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ጎማ ድንገት ሲተነፍስ መሪ በእጅ ይቆያል። ሾፌሩም መኪኖች በሚወረወሩበት መንገድ ዳር አይንበረከክም። የጎማው ጎን በትንሹ ቢቀደድ እንኳ፣ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ማሸጊያ ምንም በማያደርግበት ጊዜ ራን ፍላት በአብዛኛው ይሄዳል። ጉዳቱም እውነተኛ ነው። አብዛኞቹ የሚሄዱት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳይበልጡ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከተራው ይከብዳሉ፣ ይወደዳሉም። ንፋስ ሳይኖረው የሄደ ጎማ ውስጡ መጎዳቱ ከውጪ ስለማይታይ፣ አንዳንድ አምራቾች መለጠፉን ጨርሶ አይፈቅዱም፤ ሌሎቹ በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳሉ። በትንሽ ሚስማር ምክንያት አዲስ ጎማ መግዛት ማለት ነው።

ስኮርታው ግን በዚህ መሐል እየጠፋ ነው። የአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2015 ባወጣው ጥናት፣ ከዚያ ዓመት አዳዲስ ሞዴሎች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ስኮርታ አልነበራቸውም። ሁሉም ግን ራን ፍላት አልተገጠመላቸውም። ብዙዎቹ የተሰጣቸው ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ የንፋስ መሙያ ነው። ምክንያቱም ክብደት መቀነስ፣ ነዳጅ መቆጠብና ቦታ ማትረፍ ነው። ከቴስላ ጀምሮ በርካታ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ያለ ስኮርታ ይሸጣሉ።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለታገደ፣ ገበያው የኤሌክትሪክ መኪና እየሆነ ነው። ራን ፍላት የተወለደው በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ጋራዥ ላለው አገር ነው፤ 80 ኪሎ ሜትሩ ትርጉም የሚኖረው መጨረሻው ላይ ተመሳሳይ ጎማ የሚሸጥ ሱቅ ካለ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ለሚውል መኪና ይጠቅማል፤ ክፍለ ሀገር ለሚወጣ ግን እስካሁን ከስኮርታና ከክሪክ የተሻለ አልተገኘም። ስለዚህ መኪና ከመግዛትዎ በፊት የኋላውን ዕቃ መጫኛ ወለል ገልጠው ይመልከቱ። ስኮርታ ከሌለ የጎማውን ጎን ያንብቡ፤ በብሪጅስቶን ጎማ ላይ አር ኤፍ ቲ፣ በሚሽሊን ዜድ ፒ፣ በኮንቲኔንታል ኤስ ኤስ አር የሚሉት ምልክቶች ራን ፍላት መሆኑን ይነግርዎታል። ምልክቱም ስኮርታውም ከሌለ ሻጩ የስኮርታ ዋጋ ጨምሮ እንዲያስብልዎ ይጠይቁ።