የአቅርቦት መስተጓጎልና የአረጋውያን ወደ አነስተኛ ቤት መዛወር

ልጆቻቸው ራሳቸውን ችለው የወጡላቸው አረጋውያን ሰፊውን ግቢ ሸጠው ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሊዛወሩ ይችላሉ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ፣ የባሕር መስመር መስተጓጎል ይህን ውሳኔ በቀጥታ ይነካል። በ2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር በደረሱ ጥቃቶች ሳቢያ በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚመላለሱ በርካታ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ በኩል ለመዞር ተገደዋል። የአሳንሰር መለዋወጫ ሲዘገይ ለወጣት ድካም ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው አረጋዊ ግን አምስተኛ ፎቅ ላይ ታስሮ መዋል ማለት ነው። ስለሆነም የነባሩ ቤት የርክክብ ቀን በውል ከመወሰኑ በፊት የአዲሱ ሕንፃ አሳንሰር፣ ውኃና የመብራት ቆጣሪ መሥራታቸውን በአካል ተገኝቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ግንባታው ካልተጠናቀቀ፣ ሻጩ በነባሩ ቤት የሚቆይበት ተጨማሪ ጊዜ በሽያጭ ውሉ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል። ማቀዝቀዣና ምድጃንም ምትካቸው ሳይገኝ አስቀድሞ መሸጥ አይመከርም።