የመኪናችሁ ድምፅ እንዲያምር ትፈልጋላችሁ? ማርሚታውን ከማስበሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

«የመኪናዬ ድምፅ ደብሮኛል፣ ምን ላድርግ?» የሚል ጓደኛ የሌለው ሰው የለም። የሚሰጠው ምክርም ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ «ማርሚታውን አስበሳው» ወይም «ካታሊስቱን አስወጣው»። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ድምፁም ወዲያው ይለወጣል።

ችግሩ የሚለወጠው ድምፁ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ እናንተና ቤተሰባችሁ ወደተቀመጣችሁበት ሊገባ ይችላል፣ የነዳጅ ፍጆታው ይጨምራል፣ ሞተሩም ይጎዳል። ደግሞ አስቡት፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገራችን እንዳይገባ ተከልክሏል። በእጃችሁ ያለውን የቤንዚን መኪና በቀላሉ በሌላ የምትተኩበት ጊዜ አይደለም።

ታዲያ የመኪናን ድምፅ መቀየር አይቻልም ማለታችን ነው? በፍጹም። ድምፅ ማሳመርና ጩኸት መጨመር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነታቸውን ከስር ከመሠረቱ እንየው።

1. ድምፁ ከየት ነው የሚመጣው?

ሞተር በሁለት በኩል ይጮኻል። አንደኛው አየር የሚስብበት የፊት በኩል ነው። ሁለተኛው ጭስ የሚያስወጣበት የኋላ በኩል ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ነዳጅ ባቃጠለ ቁጥር ጭሱ በምት በምት ይወጣል። እኛ «የሞተር ድምፅ» የምንለው የእነዚህን ምቶች ድርድር ነው።

ቀላል ሒሳብ እንሥራ። 4 ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር 2 ጊዜ ያቃጥላል። በደቂቃ 3,000 ሲዞር በሰከንድ 100 ምት ይሰጣል ማለት ነው። 3 ሲሊንደር ያለው (ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የተሠራው ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ) በዚያው ዙር 75 ምት ይሰጣል። ቪ8 ደግሞ 200።

ስለዚህ ቪትዝ ምንም ቢበሳ እንደ ቪ8 አይጮህም። የአሜሪካ ቪ8 ሞተሮች ያ የሚታወቀው የመንጎራጎር ድምፃቸው የመጣው በየጎናቸው ያሉት 4 ሲሊንደሮች ጭሳቸውን እኩል ባልሆነ ክፍተት ስለሚተፉ ነው። ይህ በክራንኩ አሠራር የተወሰነ ነገር ስለሆነ በማርሚታ አይገኝም። የእናንተ ሥራ ሞተራችሁ ያለውን ድምፅ አጥርቶ ማውጣት እንጂ የሌላውን መዋስ አይደለም።

2. በመንገዱ ላይ ምን ምን አለ?

ከፊት ስንጀምር የአየር መሳቢያ ቱቦ፣ ፊልትሮው የሚቀመጥበት ሣጥን እና ፊልትሮው ራሱ አሉ። በብዙ መኪኖች ላይ ከቱቦው ጎን የተለጠፈ ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ ታያላችሁ። ሬዞኔተር ይባላል። ሥራው የመሳብ ድምፅን ማፈን ብቻ ነው።

ከኋላ ደግሞ ማኒፎልድ፣ ካታሊስት፣ መሐል ላይ ያለው ትንሹ ማርሚታ (እሱም ሬዞኔተር ነው)፣ ዋናው የኋላ ማርሚታ እና የቱቦው ጫፍ በተራ ይመጣሉ። ካታሊስት ጭስ ያጸዳል። መሐል ያለው ትንሹ ማርሚታ ጆሮ የሚያሰለች ንዝረትን ይቀንሳል። ዋናው ማርሚታ አጠቃላይ ጩኸቱን ያወርዳል። የትኛውን እንደነካችሁ ካላወቃችሁ ምን እንዳጣችሁም አታውቁም።

3. መጀመሪያ ጥገና

ብዙ ጊዜ «ድምፁ አያምርም» የሚባለው መኪና የሚያስፈልገው ማሻሻያ ሳይሆን ጥገና ነው። እነዚህን አስፈትሹ፦

▪ በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ
▪ ያረጀ ካንዴላ (ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል)
▪ ዝጎ የተበሳ ማርሚታ ወይም ክፍተት ያለው የቱቦ መጋጠሚያ
▪ የተቆረጠ የማርሚታ መስቀያ ጎማ (ቱቦው ከሻንሲው ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል)

እነዚህ ተስተካክለው ድምፁን እንደገና ስሙት። አንዳንዱ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል፣ ምክንያቱም የፈለገው ድምፅ ይኸው ነበር።

4. የፊት በኩል፦ ርካሹና ብዙም አደጋ የሌለው

ድምፅ ለመቀየር የመጀመሪያ እርምጃ እንዲሆን የምንመክረው የአየር መሳቢያውን በኩል ነው። ቤንዚን ስትሰጡት «ሁውው» የሚል ወፍራም ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዝም ብላችሁ ስትነዱ ግን ብዙም አይሰማም። ለእናንተ ይሰማል፣ ጎረቤት ግን አይቀሰቅስም።

ሀ) ሬዞኔተሩን ማንሳት። ፕላስቲኩ ተነስቶ ቀዳዳው በደንብ ይደፈናል። ፊልትሮውና ሣጥኑ በቦታቸው ይቆያሉ። ካልወደዳችሁት መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ። ጥንቃቄ፦ ቀዳዳው ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ላይ ከሆነና በትክክል ካልተደፈነ ያልተጣራ አየር በቀጥታ ወደ ሞተር ይገባል።

ለ) በነባሩ ሣጥን ውስጥ የሚገባ የተሻለ ፊልትሮ። የድምፅ ለውጡ ትንሽ ነው። በዘይት የሚሠራውን የጥጥ ዓይነት ከገዛችሁ ዘይቱን አታብዙበት። የተረፈው ዘይት የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ላይ ተቀምጦ የተሳሳተ ንባብ እንዲሰጥ ያደርጋል። አቧራማ መንገድ የምታበዙ ከሆነ ደግሞ ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ በጊዜው መቀየር ይሻላችኋል።

ሐ) ሣጥኑን አውጥቶ ክፍት የሾጣጣ ፊልትሮ መግጠም። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ይኼ ነው። ግን ኮፋኖ ሥር ያለውን የሞቀ አየር ይስባል። አየሩ ከ25 ወደ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ክብደቱ 9 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው መኪናችሁ ቀድሞውኑ አየር አጥሮታል ማለት ነው። ከዚያ ላይ 9 በመቶ ማጣት ዳገት ላይ ይሰማል። የግድ ከፈለጋችሁት ፊልትሮውን ከሞተሩ ሙቀት የሚጋርድ ላሜራ አሠሩለት።

መ) ፊልትሮውን ወደ ታች፣ ከመከላከያው ጀርባ ማውረድ። ቀዝቃዛ አየር ያገኛል፣ እሱ እውነት ነው። ግን የአዲስ አበባን ክረምት አስቡ። ጎርፍ የተኛበት መንገድ ላይ ፊልትሮው ውኃ ውስጥ ከገባ ሞተሩ ውኃውን ይስበዋል። ውኃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ መሐል መንገድ ላይ ይቆምና ቢዬላው ይጣመማል። ለድምፅ ብላችሁ ሞተር ማስወረድ ይህ ነው።

5. የኋላ በኩል፦ የምታወጡት ገንዘብም ጥንቃቄውም ይጨምራል

ሀ) የቱቦ ጫፍ መቀየር። መልክ ያሳምራል፣ ድምፅ ግን እምብዛም አይቀይርም። ይህን አውቃችሁ ግዙ።

ለ) ዋናውን የኋላ ማርሚታ ቀጥ ባለ ማርሚታ መተካት። የኋላውን በኩል መንካት ከፈለጋችሁ ምርጫችን ይኼ ነው። ነባሩ ማርሚታ ጭሱን በክፍሎች ውስጥ እያዞረ ያፍነዋል። ቀጥ ያለው ግን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ቱቦ ነው፣ ዙሪያው ሙቀት በሚችል ፋይበር ተጠቅልሎ። ጭሱ በቀጥታ ያልፋል፣ የሚያስጠላውን ቀጭን ድምፅ ግን ፋይበሩ ይውጠዋል። ወፍራም፣ ግን የማይሰነጠቅ ድምፅ ታገኛላችሁ። ረዘም ያለ ማርሚታ ይበልጥ ለስላሳ ድምፅ ይሰጣል። በውስጡ ምንም ፋይበር የሌለው ባዶ ቆርቆሮ ግን ማርሚታ አይደለም።

ሐ) መሐል ያለውን ትንሹን ማርሚታ አትንኩ። ብዙ ሰው ይህን አስወጥቶ ይጸጸታል። በተለይ 4 ሲሊንደር መኪና ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ዙር ባለው መሐል መኪናው ውስጥ «እምምም» የሚል ራስ የሚያዞር ንዝረት ይመጣል። ከተማ ውስጥ አይታወቃችሁም። ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ አንድ ሰዓት ስትነዱ ግን ድምፁን ትጠሉታላችሁ።

መ) የቱቦው ስፋት። «በሰፋ ቁጥር ይሻላል» የሚባለው ልክ አይደለም። ጭሱ በፍጥነት መውጣት አለበት፣ ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል። ውጤቱ ከታች የሚጎትት ጉልበት ማጣት ነው። ከ1.3 እስከ 1.6 ሊትር ላለ ተራ ሞተር ከ2 ኢንች (51 ሚሊ ሜትር) በላይ አያስፈልግም።

6. በፍጹም የማይደረጉ

▪ ማርሚታን በትራፓኖ መብሳት። ድምፁ የተቀደደ ይሆናል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጭሱ ከኋላ መከላከያው ውጭ መውጣቱ ቀርቶ መኪናው ሥር ይጠራቀማል።

▪ ካታሊስት ማስወጣት። በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት አሉ። ስለዚህ «በነጻ አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በነጻ እየሠራላችሁ አይደለም፣ ዕቃችሁን እየወሰደ ነው። ካታሊስቱ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚቀይር ክፍል ነው። ሲወጣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ዳሽቦርድ ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል (ብዙ ጊዜ ኮዱ ፒ0420 ነው)፣ ድምፁም ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። አሜሪካ ያላችሁ ተከታታዮቻችን ደግሞ ልብ በሉ፣ እዚያ ይህ በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው።

▪ ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለውን ቱቦ ክፍት መተው። በክፍተቱ የውጭ አየር ይገባል፣ ሴንሰሩ «ነዳጅ አነሰ» ብሎ ያነባል፣ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። ቤንዚናችሁ በከንቱ ያልቃል።

7. ሕይወት ያለበት ክፍል

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድብታ ነው። ሰው «ደክሞኛል» ብሎ ይተኛል፣ አይነሳም። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ።

ስለዚህ ማርሚታው ከተነካ በኋላ ይህን አድርጉ፦

▪ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ ደጅ ላይ፣ ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ የቱቦውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ያዙት። «ፍስስ» የሚል ድምፅ ከመሐል ከሰማችሁ የሚያስወጣ ቦታ አለ።
▪ ከሳምንት በኋላ መጋጠሚያዎቹን እዩ። ጥቁር ጥላሸት ካለ ጭስ እየወጣ ነው።
▪ የቱቦው ጫፍ ከመከላከያው ወጣ ማለቱን፣ ከነዳጅ ቱቦና ከፕላስቲክ መራቁን አረጋግጡ።
▪ የኋላ በሩን ከፍታችሁ አትንዱ፣ ጭሱን ወደ ውስጥ ይስባል።
▪ ግቢ ውስጥ በተዘጋ ጋራዥ ሞተር አታስነሱ፣ «አንድ ደቂቃ ድምፁን ላሰማችሁ» ብላችሁም ቢሆን።
▪ እየነዳችሁ ራሳችሁን ካመማችሁ መስኮት ክፈቱ፣ ቁሙ፣ ውረዱ። ካልተሻላችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

8. ጎረቤትና ሕግ

የድምፅ ብክለት በአገራችን በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይታያል። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ደረጃ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። በዴሲቤል 10 መጨመር ለጆሮ እጥፍ ሆኖ ይሰማል። በየዓመቱ ለቦሎ የምታደርጉት የቴክኒክ ምርመራም አለ። የበሳችሁትን ማርሚታ ለዚያ ቀን ብቻ በብየዳ መድፈን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

9. ስልካችሁን ተጠቀሙበት

የድምፅ መለኪያ አፕ አውርዱ። ከቱቦው ጫፍ ግማሽ ሜትር ርቃችሁ፣ በ45 ዲግሪ ጎን ቁሙ፣ ጓደኛችሁ ሞተሩን 3,000 ዙር ላይ ይያዘው። ከሥራው በፊትና በኋላ በዚያው ቦታ ለኩ፣ ቅዱም። የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን ቁጥር ባይሰጥም ልዩነቱን ያሳያል። ልዩነቱ 10 ዴሲቤል ከደረሰ ማርሚታው በዝቷል።

ጋራዥ ስትገቡ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ «በውስጡ ፋይበር አለው ወይ? ካታሊስቱን ትነካለህ ወይ? በብሎን ነው የምትገጥመው ወይስ ትበይደዋለህ?» በብሎን የተገጠመ ነገር ይመለሳል። የወጣውን ነባር ዕቃ ይዛችሁ ወደ ቤት ግቡ። መኪናውን ስትሸጡ ገዢው ይጠይቃችኋል።

ባጭሩ፦ መጀመሪያ ጠግኑ። ቀጥሎ የፊቱን ሬዞኔተር ሞክሩ። አሁንም ካልረካችሁ የኋላውን ማርሚታ ብቻ ጥሩ ፋይበር ባለው ቀጥ ያለ ማርሚታ ተኩ። ካታሊስቱና መሐል ያለው ትንሹ ማርሚታ በቦታቸው ይቆዩ። ጥሩ ድምፅ ያለው መኪና ቤንዚን ስትሰጡት ይናገራል፣ ሰፈር ስትገቡ ደግሞ ዝም ይላል።

ማርሚታ ሊያስበሳ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ሼር አድርጉለት። የእናንተ መኪና ምንድን ነው? በኮሜንት ጻፉልን።